ቆጣሪ እያለ ግምት ለምን?

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጠያቂዋ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምራለች፤ ያልተለካ ነገር አይዋጥላትም። መላሹ ብዙ ዘመኑን በከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ኮድ ንባብ ያሳለፈ ነው። የሚከራከሩበት አሠራር ሊኑክስ በ2019 በ5.0 እትሙ ያስገባውና ኢኤኤስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ነው። ሥራ መዳቢው፣ ባለሙያዎቹ ስኬጁለር የሚሉት፣ አንድን ሥራ የትኛው ኮር ላይ እንደሚያስቀምጥ ሲወስን የሚፈጀውን ኢነርጂ አስቀድሞ ይገምታል።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝና ይህ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ቤት ውስጥ ስንት እንደተጠቀምን ማወቅ ስንፈልግ ቆጣሪውን እናያለን እንጂ፣ ምጣዱ ይህን ያህል፣ ፍሪጁ ያን ያህል በልቶ ይሆናል ብለን አናሰላም። ፕሮሰሰርም እኮ ዛሬ ቆጣሪ አለው። ኢንቴል በ2011 ሳንዲ ብሪጅ ካለው ትውልድ ጀምሮ ራፕል የሚባል ቆጣሪ ቺፑ ውስጥ አስገብቷል፤ በየሚሊ ሰከንዱ አካባቢ እየታደሰ ስንት ጁል እንደተፈጀ ይናገራል። ይህ እያለ የከርነል ሰዎች ሠንጠረዥ ይዘው መገመታቸው፣ ሚዛኑ ፊቱ ተቀምጦ ዕቃውን በእጁ እያነሳ “አምስት ኪሎ ትሆናለች” የሚል ነጋዴ ነው የሚመስለኝ።

መላሽ፦ ቆጣሪ የሚነግርሽ ያለፈውን ነው፤ ሥራ መዳቢው የሚጠይቀው ደግሞ ገና ያልሆነውን፣ እንዲያውም ፈጽሞ የማይሆነውን ጭምር ነው። ጣትሽ የስልኩን መስታወት ሲነካ አንድ ሥራ ይነቃል። ያኔ ጥያቄው “ትንሹ ኮር ላይ ባስቀምጠው ስንት ይፈጃል? ትልቁ ላይ ባስቀምጠውስ?” የሚል ነው። ከሁለቱ የሚሆነው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ያልተሄደበትን መንገድ ነዳጅ የሚለካ ቆጣሪ ከየት ይምጣ? ውሳኔው በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ያንቺ ቆጣሪ እስኪታደስ ቢጠበቅ ሥራው ራሱ ተጠናቆ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ራፕል የሚቆጥረው የእያንዳንዱን ሥራ ፍጆታ ሳይሆን የቺፑን ወይም የኮሮቹን ድምር ነው። ስምንት ተከራይ አንድ ቆጣሪ የሚጋራበት ግቢ ታውቂያለሽ፤ ወር ሲሞላ ሁሉም የሚጣላው ቆጣሪው ስለዋሸ አይደለም፣ ማን ምን ያህል እንደበላ ስለማይናገር ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ በሳንዲ ብሪጅ ዘመን ያ ቆጣሪ ራሱ መለኪያ አልነበረም። ቺፑ ውስጥ የተከናወኑ ክንውኖችን እየቆጠረ በቀመር የሚያሰላ ነበር። በትክክል ወደ መለካት የተሻገረው ሃስዌል በተባለው ትውልድ፣ በተለይም በሰርቨሮቹ ላይ ነው። ግምትን ያሸንፋል ብለሽ ያመጣሽው ምስክር ራሱ ሥራውን የጀመረው በግምት ነው።

ጠያቂ፦ መነሻው ግምት ቢሆንም አሁን መለኪያ ሆኗል። ከማሻሻል ይልቅ መተው ምን ይባላል?

መላሽ፦ መለካቱን የተወው የለም፤ ሠንጠረዡ ራሱ የሚሞላው ቤተ ሙከራ ውስጥ ቺፑን በመለካት ወይም ከልኬት በተገኘ ቀመር ነው። መለኪያው ሁልጊዜ ክፍት እንዳይሆን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በ2020 ፕላቲፐስ የተባለው የጥቃት ስልት ይፋ ሲሆን፣ ራፕልን ማንበብ የቻለ ተራ ፕሮግራም ከፍጆታው መዋዠቅ ተነስቶ የምስጢር ቁልፍ ሊያወጣ እንደሚችል ታየ። ሊኑክስም ንባቡን ለሥርዓቱ አስተዳዳሪ ብቻ ወሰነው። ጥሩ ቆጣሪ የሰው ቤት ውስጥም ያሳያል።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ግምቱን ልቀበል። ሠንጠረዡ ውስጥ ምን አለ ታዲያ? ቀላሉ መንገድ እኮ ሥራውን በሙሉ ፍጥነት ጨርሶ መተኛት ነው። ምጣድ አንዴ ከጋለ እንጀራውን አከታትሎ ጋግሮ ማጥፋት እንጂ፣ በለስላሳ እሳት እያንቀረፈፉ መዋል ማንን ጠቀመ?

መላሽ፦ በነገራችን ላይ አማርኛችን ዋትንም ጁልንም “ኃይል” ስለሚላቸው ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዋት የመፍጀት ፍጥነት ነው፤ ጁል የተፈጀው መጠን ነው፤ ባትሪሽ የሚጎድለው በጁል ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚፈጀው ዋት በግርድፉ በፍጥነቱ ልክ፣ በቮልቴጁ ደግሞ በካሬው ልክ ያድጋል። ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ ብቻውን ኪሳራ የለውም፤ ዋቱ እጥፍ ቢሆንም ሥራው በግማሽ ጊዜ ስለሚያልቅ ጁሉ ያው ነው። ኪሳራው የሚመጣው ፍጥነት እንዲጨምር ቮልቴጅም መጨመር ስላለበት ነው፤ ያኔ ያው ሥራ በጁል ይወደዳል። የምጣድሽ ምሳሌ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ስለጋገርሽ የእያንዳንዱ እንጀራ መብራት አይወደድም፣ ኮር ላይ ግን ይወደዳል። ይህን ነጥብ አንስተው ሥራ መዳቢው ፍጥነትን ዝቅ በማድረግ ኢነርጂ ሊቆጥብ እንደሚችል ያሳዩት ማርክ ዋይዘርና ባልደረቦቹ በዜሮክስ ፓርክ ሆነው በ1994 ነው፤ መመዘኛቸውም በአንድ ጁል ስንት ሚሊዮን መመሪያ ይፈጸማል የሚል ነበር። ለምጣድሽም ድርሻዋን ልስጣት፤ ቺፕ ሥራ ባይኖረውም በርቶ እስካለ ድረስ የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ አለ፣ ይህ ፍሳሽ በበዛበት ቺፕ ላይ ቶሎ ጨርሶ መተኛት ያዋጣል። የቱ ያመዝናል የሚለውን በፍልስፍና መጨረስ ስለማይቻል ነው ሠንጠረዥ ያስፈለገው። ለእያንዳንዱ የኮር ዓይነት፣ በእያንዳንዱ ማርሽ፣ ይህን ያህል ሥራ ይሠራል፣ ይህን ያህል ዋት ይፈጃል። ሌላ ምንም የለበትም።

ጠያቂ፦ ማርሽ ያሉት ፍጥነቱንና ቮልቴጁን አንድ ላይ ነው?

መላሽ፦ አዎ፤ ቺፑ በፈለገው ፍጥነት አይሄድም፣ የተወሰኑ የፍጥነትና የቮልቴጅ ጥንዶች አሉት። አርም በ2011 ኮርቴክስ ኤ15ን ከኮርቴክስ ኤ7 ጋር አጣምሮ ትልቅና ትንሽ ኮር በአንድ ቺፕ ላይ ሲያስቀምጥ ደግሞ ነገሩ ተወሳሰበ። አንድ ኩንታል ጤፍ ለማድረስ አይሱዙ አይነሳም፣ ጋሪ ይበቃል። ግን አይሱዙው ለሌላ ጭነት ወደዚያው አቅጣጫ እየሄደ ከሆነስ? ጋሪው ደግሞ ሞልቶ፣ አንዷ ኩንታል ስትጨመርበት ፈረሱ ሽቅብ መጋለብ ካለበትስ? “ትንሹ ሁልጊዜ ይቆጥባል” የሚለው ደንብ እዚህ ይወድቃል። ሊኑክስ ውስጥ ደግሞ አንዱ ክፍል ፍጥነቱን፣ ሌላው እንቅልፉን፣ ሥራ መዳቢው ቦታውን ለየብቻቸው ይወስኑ ነበር። በ2013 የሥራ መዳቢው ኃላፊ ኢንጎ ሞልናር ይህ መበታተን እንዲቀርና ውሳኔው አንድ ቦታ እንዲሰበሰብ አጥብቆ ጠየቀ። በዚያው ዓመት የየሥራውን ጭነት የሚከታተለው ፔልት ገባ፣ በ2016 የፍጥነቱን ማርሽ ከዚያ ጭነት ጋር የሚያያይዘው ስኬድዩቲል ተከተለ፣ ኢኤኤስ በ2019። ስድስት ዓመት ፈጅቷል፤ ለጥቂት መስመር ማባዛትና ማካፈል።

ጠያቂ፦ እስኪ ማባዛትና ማካፈሉን ያሳዩኝ። ያለ ቁጥር አልንቀሳቀስም።

መላሽ፦ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔው የመረጥኳቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን የከርነሉ ነው። ትልቁ ኮር በሙሉ ፍጥነቱ የሚሠራው 1024 ይባላል። ትንንሾቹ ሁለት ኮሮች አንድ ማርሽ ይጋራሉ እንበል፤ በዝቅተኛው አቅማቸው 200፣ ፍጆታቸው 60፣ በከፍተኛው አቅማቸው 400፣ ፍጆታቸው 200። ትልቁ በዝቅተኛው ማርሽ አቅሙ 500፣ ፍጆታው 300። አሁን የመጀመሪያው ትንሽ ኮር 150፣ ሁለተኛው 90፣ ትልቁ 330 ጭነት ይዘዋል። 60 የሚመዝን አዲስ ሥራ ነቃ። ከርነሉ ለእያንዳንዱ አማራጭ ጭነቱን በአቅሙ አካፍሎ በፍጆታው ያባዛል፤ ማለትም ኮሩ በጊዜው ውስጥ ስንት እጁን እንደሚሠራ አውጥቶ በዋቱ ያበዛዋል። ሥራው ሁለተኛው ትንሽ ኮር ላይ ቢቀመጥ የትኛውም ትንሽ ኮር ከ150 ስለማያልፍ ማርሹ አይነካም፤ ትንንሾቹ 90፣ ትልቁ 198፣ ድምሩ 288። ትልቁ ላይ ቢሆን 72 እና 234፣ ድምሩ 306። የመጀመሪያው ትንሽ ኮር ላይ ቢሆን ግን ጭነቱ 210 ይሆንና ሁለቱንም ትንንሾች ወደ ከፍተኛው ማርሽ ይጎትታል፤ 150 እና 198፣ ድምሩ 348። አየሽ፣ ጋሪው ከአይሱዙው የበለጠ ፈጀ። ጥፋቱ የአዲሱ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱን ያለፍላጎቱ ውድ ማርሽ ላይ አስወጥቶታል። ግምቱ የአንዱን ኮር ሳይሆን የሁሉንም ድምር የሚያስበው ለዚህ ነው።

ጠያቂ፦ ያምራል። ግን የትንንሾቹ ፍጆታ 60 ያሉት በእውነቱ 90 ቢሆንስ? ቺፖች ከአንድ ፋብሪካ ወጥተውም እኩል አይደሉም፤ ሲሞቁ ደግሞ የሚያፈሱት ይጨምራል። የተሳሳተ ሠንጠረዥ ላይ የቆመ ስሌት፣ በትክክል የተሰላ ስህተት አይደለም?

መላሽ፦ እዚህ ነው ሁለታችን የምንለያየው። አንቺ “ቁጥሩ ትክክል ነው?” ትያለሽ፤ እኔ “ምርጫው ተለወጠ?” እላለሁ። ሠንጠረዡ በሙሉ በእጥፍ ቢሳሳት ሦስቱም ድምሮች እጥፍ ይሆናሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ንቅንቅ አይልም። ለዚህም ነው ከርነሉ አምራቹ እውነተኛ ዋት መስጠት ካልፈለገ በራሱ የፈጠረውን መስፈሪያ እንዲሰጥ የሚፈቅድለት፤ ለሁሉም ኮሮች አንድ ዓይነት መስፈሪያ እስከሆነ ድረስ። ከበድ የሚለው የአንድ ወገን ስህተት ነው። እሱንም እንየው። የትንንሾቹ ፍጆታ ከተጻፈው በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል እንበል፤ የአንቺ 90 ማለት ነው። 288 የነበረው 333 ይሆናል፣ 306 የነበረው 342፣ 348 የነበረው 423። አሁንም አሸናፊው ያው ነው። ሁለት እጥፍ ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 378 ለ378 እኩል ይወጣሉ። ሁለት ተኩል እጥፍ ሲሆን በመጨረሻ ምርጫው ይገለበጣል፣ የተሳሳተው ምርጫ 423 ሲፈጅ ትክክለኛው 414 ይፈጅ ነበር። ሠንጠረዡ በሁለት ተኩል እጥፍ ዋሽቶ ያስከፈለን 2 በመቶ ያህል ነው። ምስጢሩ ምን መሰለሽ፣ ግምት ምርጫን የሚያሳስተው አማራጮቹ ሲቀራረቡ ነው፤ ሲቀራረቡ ደግሞ መሳሳት አያስከፍልም። አማራጮቹ ሲራራቁ መሳሳት ያስከፍላል፤ ያኔ ግን ሸካራ ግምትም አይስትም። ቆጣሪ ይህ ምቾት የለውም። ቆጣሪ 10 በመቶ ከተሳሳተ ሂሳቡ 10 በመቶ ተሳሳተ፣ አለቀ። ስለ ሙቀት ያልሽው እውነት ነው፤ በ2024 በ6.9 እትም ሠንጠረዡ ከርነሉ እየሠራ እያለ እንዲታደስ የተደረገው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

ጠያቂ፦ ምሳሌውን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ለሚፈልጉት እንዲመች አድርገው።

መላሽ፦ ልክ ነሽ፣ በምሳሌ ብቻ አልሞግትሽም። የራሳቸውን ታሪክ እይ። ኢኤኤስ መጀመሪያ ሲገባ አንድ ጥንቃቄ ነበረው፤ ሥራው ከነበረበት ኮር የሚነሳው ከጠቅላላው ግምት ከ6 በመቶ በላይ የሚቆጥብ ከሆነ ብቻ ነው፣ ለትንሽ ትርፍ ወዲያና ወዲህ እንዳይዋልል። በምሳሌያችን ሥራው ቀድሞ ትልቁ ኮር ላይ ቢሆን ኖሮ፣ የ306 ስድስት በመቶ ከ18 ትንሽ ስለሚበልጥና ቁጠባው ደግሞ 18 ስለሆነ እዚያው ይቀር ነበር። በ2022 ይህ ጥንቃቄ ተነሳ። ምክንያቱን አስተውዪ፤ ግምቱ ሥራውን እዚህና እዚያ ማስቀመጥን ለማነጻጸር ጥሩ ነው፣ የሥርዓቱን ጠቅላላ ፍጆታ ለመናገር ግን አይሆንም፣ ስለዚህ የዚያን ጠቅላላ ቁጥር 6 በመቶ ወስዶ ገደብ ማድረግ ትርጉም የለውም፤ ትንንሽ ሥራዎችንም ባሉበት ያስራል። ይህን የጻፉት የሚጠቀሙበት ሰዎች ናቸው። ልዩነቱን እመኑ፣ ድምሩን አትመኑ ነው ያሉት።

ጠያቂ፦ ይህ ይሻላል። ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። አንደኛው፣ ሥራ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ኮሩን እያሯሯጠ ቁጥር ያባዛል፣ ሌላው ከማህደረ ትውስታ መልስ ሲጠብቅ ይውላል፤ ለእርስዎ ሠንጠረዥ ሁለቱም “ኮሩን ይዟል” ነው። ሁለተኛው፣ 60 የሚመዝን ሥራ አሉኝ። ሥራው ገና ሳይሠራ 60 መሆኑን ማን ነገራቸው?

መላሽ፦ በመጀመሪያው ላይ እሸነፋለሁ። ፍራንክ ቤሎሳ በ2000 ቺፑ ውስጥ ያሉትን የክንውን መቁጠሪያዎች ተጠቅሞ የየሥራውን ኢነርጂ መገመት እንደሚቻል አሳይቷል፤ የሊኑክስ ሰዎች ግን ለዋናው ከርነል ያን መንገድ አልያዙም። መቁጠሪያዎቹ ከቺፕ ቺፕ ይለያያሉ፣ ንባባቸውም ጊዜ ይበላል። ሁለቱም የሥራ ዓይነቶች በሁሉም ኮር ላይ በእኩል መጠን ቢረክሱ ወይም ቢወደዱ ቅድም ባልኩሽ ምክንያት ምርጫውን አይነኩም ነበር። ችግሩ ሁልጊዜ በእኩል አለመሆኑ ነው፤ ማህደረ ትውስታን የሚጠብቅ ሥራ ትልቁ ኮር ላይ ሲወጣ የሚያተርፈው ፍጥነት ትንሽ ነው፣ ሠንጠረዡ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርፍ ይቆጥርለታል። ይህ የአሠራሩ ደካማ ጎን ነው፤ ልሸፍንልሽ አልሞክርም። ሁለተኛውን ግን እመልሳለሁ። ፔልት ጊዜን በ1024 ማይክሮ ሰከንድ እየቆራረጠ ሥራው በየቁራጩ ስንቱን እንደሮጠ ይመዘግባል፤ ያለፈው እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ከ32 ቁራጭ በፊት የነበረው የአሁኑን ግማሽ ዋጋ ብቻ ይይዛል። ከባዶ ተነስቶ ያለማቋረጥ የሚሮጥ ሥራ በ32 ሚሊ ሰከንድ ግማሽ፣ በ64 ሦስት አራተኛ ይደርሳል። ድክመቱ ይታይሻል፤ ብዙ የተኛ ከባድ ሥራ ሲነቃ ቀላል መስሎ ይቀርባል፣ ስልኩም በተነካ ቅጽበት ይንቀራፈፋል። በ2018 በ4.17 እትም፣ ሥራው ሳይተኛ በፊት ስንት ይመዝን እንደነበር የሚያስታውስ ሌላ መዝገብ ተጨመረ። ትናንትን አይቶ ነገን መገመት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

ጠያቂ፦ ሁሉም ኮር ከሞላስ? ያኔ ትናንትም አይረዳም። አንድ ኮር ላይ ሁለት ሥራ ቢጨናነቅ እያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ይመስላል እንጂ፣ ቦታ ቢያገኝ ስንት ይወስድ እንደነበር አይታወቅም።

መላሽ፦ ይህን ያነሳሽው አንቺ በመሆንሽ ደስ አለኝ፤ ከሁሉም ብልህ የሆነው የአሠራሩ ክፍል እዚህ ነው። የአንድ ኮር ጭነት ከአቅሙ 80 በመቶ ሲያልፍ ከርነሉ ግምቱን ይተወዋል። ሠንጠረዡን ከድኖ ወደ ቀድሞው ልማድ፣ ጭነትን በየኮሩ እኩል ወደ ማደላደል፣ ይመለሳል። ምክንያቱ ራሱ ያልሽው ነው፤ የተጨናነቀ ሥራ የሚያሳየው የተሰጠውን እንጂ የሚፈልገውን አይደለም፣ ስለዚህ የጭነቱ ቁጥር ትርጉም ያጣል። ግምቱ የሚሠራው ሥራው ቦታ ሲያገኝ፣ በመሃል እየተኛ እየነቃ ሲሄድ ነው፤ የስልክ ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ቀን እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጨናንቆ የሚውል ሰርቨር ከዚህ አሠራር የሚያገኘው ጥቂት ነው፣ ኮሮቹም ብዙ ጊዜ እኩል ናቸው።

ጠያቂ፦ እንግዲህ ለምርጫ ሚዛንነቱን እቀበላለሁ። ያው ቁጥር ግን ከዚያ ወጥቶ ሂሳብ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ “ይህ አፕ ይህን ያህል ባትሪ በላ” የሚለው የስልክ ዝርዝርስ?

መላሽ፦ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፤ እዚያ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። የአንድሮይድ ዝርዝር ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው አምራቹ ስንት ሚሊ አምፔር ይስባል ብሎ በሞላው ሌላ ሠንጠረዥ ላይ ነው። እንደዚያ ያለ ቁጥር አፕ ሠሪን ለመውቀስ ወይም ለማስከፈል ሲውል፣ ቅድም ያልኩሽ ምቾት ሁሉ ይጠፋል፤ ስህተቱ በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። እዚያ ቆጣሪ ይምጣ፣ እዚያ ልኬት ይጠየቅ። የሥራ መዳቢው ቁጥር ግን ከወሰነ በኋላ ይጣላል፣ ለማንም ደረሰኝ አይቆረጥበትም።

ጠያቂ፦ ሠንጠረዡን የሚሞላው አምራቹ ከሆነ፣ ያልሞላውስ?

መላሽ፦ ኢኤኤስ እንዲነሳ የኮሮቹ አቅም የተለያየ መሆን አለበት፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ስኬድዩቲል መሆን አለበት፣ ሠንጠረዡም ለሁሉም ኮሮች መመዝገብ አለበት። አምራቹ ያን ካላደረገ ከርነሉ ቁጥር ፈጥሮ አይገምትም፤ ኢኤኤስ ጨርሶ አይነሳም።